ዳታቤዙ ሲንቀራፈፍ፦ ክላስተር ነው ወይስ አንዱ ሰርቨር ይበቃል?

ሲስተሙ ተንቀራፈፈ ሲባል ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ "ክላስተር እናድርገው"፣ ማለትም ብዙ ሰርቨሮችን አያይዘን እንደ አንድ እናሠራቸው ነው። ቆይ፣ መጀመሪያ ምልክቱን እንይ። ምሳሌዬ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ነው።

ችግር፦ ገጹ ለመከፈት ዘመን ይፈጃል።

አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ አንሶ አይደለም። የኢኖዲቢ በፈር ፑል (ማይኤስኪውኤል ዳታውን ራም ላይ የሚይዝበት ቦታ) ሲጫን 128 ሜጋባይት ብቻ ነው። 32 ጊጋባይት ራም ገዝታችሁ ይህን ካልነካችሁት ራሙ ያለ ሥራ ተቀምጧል። ሰርቨሩ ለዳታቤዙ ብቻ ከሆነ ከራሙ ከ50 እስከ 75 በመቶውን ስጡት። ቀጥሎ የስሎው ኪዌሪ ሎጉን፣ ማለትም የዘገዩ ኪዌሪዎች (ለዳታቤዙ የሚቀርቡ ጥያቄዎች) የሚመዘገቡበትን ፋይል ክፈቱ። ሲጫን ዝግ ነው፤ ቢከፈትም ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀውን ብቻ ይመዘግባል። ወደ 1 ሰከንድ አውርዱት። የተያዘውን ኪዌሪ በኤክስፕሌይን (ዳታቤዙ ኪዌሪውን እንዴት እንደሚሠራው በሚያሳየው ትእዛዝ) እዩት። "ታይፕ" በሚለው ስር "ኦል" ካለ፣ ቴብሉን ከላይ እስከ ታች እያነበበው ነው። ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ የሚፈለገውን ቶሎ የሚያገኝ) ሥሩለት።

ችግር፦ "ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ" (ከዳታቤዙ ጋር የተከፈተው ግንኙነት በዛ) ይላል።

መነሻ ገደቡ 151 ነው። ቁጥሩን ከመጨመራችሁ በፊት አፕሊኬሽኑ ከፍቶ የማይዘጋው ኮኔክሽን እንዳለ አጣሩ።

ችግር፦ ሪፖርት ሲወጣ ሌላው ሥራ ይቆማል።

አንድ ሬፕሊካ (የዋናውን ዳታ እየተከተለ የሚገለብጥ ሌላ ሰርቨር) አቁሙና ሪፖርቱን ወደዚያ ላኩት። ትንሽ ወደኋላ ሊቀር ስለሚችል የአሁኑን ሒሳብ ከእሱ አታንብቡ።

ችግር፦ ሰርቨሩ በወደቀ ቁጥር ቢሮው በሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

የክላስተር ቦታው እዚህ ነው። ለምሳሌ ጋሌራ የተባለውን የማይኤስኪውኤል ክላስተር ብትመርጡ ሦስት ኖድ (በክላስተሩ ውስጥ ያለ ሰርቨር) ያስፈልጋል። በሁለት ብትሠሩት፣ መሀላቸው ያለው የኔትወርክ መስመር ሲቆረጥ አንዳቸውም አብላጫ ስለሌላቸው ሁለቱም ሥራ ያቆማሉ። ዋጋም አለው። እያንዳንዱ የሚጻፍ ለውጥ ሌሎቹ ኖዶች ጋ ሳይደርስ አይጸድቅም፣ የዘገየው ኖድም ሁሉንም ያዘገያል። ስለዚህ መጻፍ እንዲፈጥንላችሁ ብላችሁ ከሆነ፣ ተዉት።

ችግር፦ ክላስተር ከሆነ ወዲህ "ዴድሎክ" የሚል የግጭት ስህተት በዛ።

ሁለት ኖዶች የቴብሉን አንድ ረድፍ እኩል ሲቀይሩ ቀድሞ የደረሰው ያሸንፋል፤ የሌላው ይሰረዛል። የሚጻፈውን ሁሉ ወደ አንድ ኖድ ምሩ፣ አፕሊኬሽኑም የተሰረዘበትን ደግሞ እንዲሞክር አድርጉ። አውቶ ኢንክሪመንቱ (ዳታቤዙ ለአዲስ ረድፍ በራሱ የሚሰጠው ቁጥር) 1፣ 4፣ 7 እያለ ቢዘል ደግሞ ብልሽት አይደለም፤ ኖዶቹ ቁጥር ተከፋፍለው ነው። የደረሰኝ ቁጥር በእሱ የምትሰጡ ከሆነ ግን ሒሳብ ሹሟ ሳትጠይቃችሁ ቀይሩት።

ችግር፦ አንዱ በስህተት ቴብል አጠፋ፤ ከሦስቱም ኖድ ጠፋ።

ክላስተሩ የታዘዘውን ነው የሠራው። የሚያድናችሁ የትናንቱ ባክአፕና ከዚያ ወዲህ ያለው ባይነሪ ሎግ (የተደረገው ለውጥ ሁሉ የሚመዘገብበት ፋይል) ነው። ሁለቱንም ሌላ ማሽን ላይ አስቀምጡ፤ በየወሩም ባዶ ሰርቨር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት።