"ቫይታሚን እኮ ነው!" እና ሌሎች የታይሮይድ ታካሚዎች ስህተቶች

መድኃኒት ሳስረክብ የማልዘለው ጥያቄ አለ። "ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?" መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "ምንም" ነው። ጨዋታው ትንሽ ሲቀጥል ግን ካልሲየም ይመጣል። አይረን ይመጣል። ለፀጉር የሚባለው እንክብልም ብቅ ይላል። "ታዲያ ምንም አልወስድም አላሉኝም?" ስል መልሱ ዝግጁ ነው። "ልጄ፣ እሱማ ቫይታሚን እኮ ነው!"

ይህቺን መልስ መስማት ሰልችቶኛል። የትኛው ኪኒን በሐኪም ትእዛዝ እንደተገዛ፣ የትኛው በራሳችን ፍላጎት እንደተገዛ አንጀታችን አይለይም። ለእሱ ሁሉም አብሮ የገባ ነገር ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን፣ የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካ ኪኒን ለሚወስዱ ሰዎች ነው። ማለትም የታይሮይድ ዕጢያቸው በቂ ሆርሞን ለማያመርት ወይም ዕጢው በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው።

ሁሉንም በአንድ ጉንጭ ውኃ

ጠዋት ተነስቶ ኪኒኖቹን መዳፍ ላይ መደርደር፣ ከዚያ በአንድ ጉንጭ ውኃ ግጥም። ለዛሬ አለቀ፣ እፎይ። ከሁሉም ስህተት የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የሚያናድደኝም ይህን የሚያደርጉት ግድ የለሾች ስላልሆኑ ነው። አንድም ቀን መድኃኒት የማይረሱ፣ ጠንቃቃ ሰዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካልሲየም፣ አይረን፣ ማግኒዚየምና አሉሚኒየም አንጀት ውስጥ ሌቮታይሮክሲንን ይይዙታል። የተያዘው ሆርሞን ወደ ደም ሳይገባ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም። የሌቮታይሮክሲን ኪኒን የሚለካው በማይክሮግራም ነው። አንድ 100 ማይክሮግራም ኪኒን ከ500 ሚሊግራም ካልሲየም ጋር ስትውጡ፣ ካልሲየሙ በክብደት 5,000 እጥፍ ይበልጠዋል። ውድድሩ ገና ከመጀመሩ አልቋል።

አንዲት ሴት አልረሳትም። መጠኗ ከ75 ወደ 100፣ ከ100 ወደ 125፣ በመጨረሻም ወደ 150 ማይክሮግራም ወጣ። ድካሙ ግን አልለቀቃትም፤ ብርዱም፣ የሆድ ድርቀቱም እንዳለ ነው። "መድኃኒቱ አልሠራልኝም" ትላለች። ለካ ለደም ማነስ የታዘዘላትን አይረን ከታይሮይድ መድኃኒቷ ጋር ነበር የምትውጠው። ሁለቱም በሐኪም የታዘዙ ናቸው። ግን በተለያዩ ሐኪሞች።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። የአይረን ሕክምናው አለቀና ኪኒኑን አቆመች። ያ ሁሉ 150 ማይክሮግራም ያለ ከልካይ መግባት ጀመረ። ልቧ ይመታል፣ ያልባታል፣ እንቅልፍ እምቢ አላት። እሷ የሥራ ጭንቀት መስሏት ነበር። ብዙ ሰው የማያስበው ይህንን ነው። ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው አብሮ የሚዋጠውን ሳያውቅ ከሆነ፣ አብሮ የሚዋጠው ነገር በቆመ ቀን መጠኑ ይበዛል። ለረጅም ጊዜ የበዛ ታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞኑ ማለት ነው) የልብ ምትን ያዛባል፣ አጥንትንም ያሳሳል። በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ ሴቶች አደገኛ ነው። አስቡት፤ ካልሲየሙን የጀመሩት ለአጥንታቸው ብለው ነበር።

መፍትሔው 4 ሰዓት ነው። በሌቮታይሮክሲንና በካልሲየም ወይም በአይረን መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይለፍ። መልቲቫይታሚንም ማዕድን ካለበት ሕጉ ያው ነው። ጠዋት እንደነቃችሁ የታይሮይድ መድኃኒቱን በውኃ ብቻ ዋጡት። ቁርስና ቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆዩ። (አዎ፣ ቡናም። ቡና ውኃ አይደለም።) ካልሲየሙን ከምሳ ጋር፣ አይረኑን ወደ ማታ አድርጉት። ካልሲየምና አይረን እርስ በርሳቸውም ስለማይስማሙ መለያየታቸው ለእነሱም ይበጃል።

ጠዋት ጥድፊያ የሚበዛባችሁ ደግሞ ማታ ስትተኙ መውሰድ ትችላላችሁ፤ ከራት በኋላ 3 ሰዓት ያህል ካለፈ ይሠራል። ግን ያኔ ካልሲየሙን ከራት ጋር ወስዳችሁ "4 ሰዓት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው" ብላችሁ አትከራከሩኝ።

የዕቃውን ጀርባ አለማንበብ

ፊት ለፊቱ "ቫይታሚን ዲ" ይላል፤ ጀርባው ላይ ካልሲየም አለ። ለቃር የሚታኘከው ኪኒንም ብዙ ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አንብቡ።

ለፀጉር ብሎ ባዮቲን

ይህኛው መድኃኒቱን አይነካም። የሚያበላሸው የላቦራቶሪ ውጤቱን ነው፤ ለዚህም ነው ብዙዎችን የሚያስተው።

የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ፀጉር ይረግፋል። ፀጉር ሲረግፍ ሰው ባዮቲን ይገዛል። ስለዚህ ባዮቲን የሚወስዱት ሰዎች የታይሮይድ ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። አንድ አዋቂ በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ያህል ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብለው የሚሸጡት እንክብሎች ግን 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ይይዛሉ።

ብዙ የላቦራቶሪ ማሽኖች ሆርሞን የሚለኩት በራሱ በባዮቲን ተጠቅመው ነው። ደማችሁ ውስጥ ባዮቲን ሲትረፈረፍ ማሽኑ ይሳሳታል። ቲኤስኤች (ታይሮይድን "ሥራ" ብሎ የሚያዝዘው፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ የሚወርደው ሆርሞን) ከእውነተኛው በታች፣ ቲ4 (ታይሮክሲን ራሱ) ደግሞ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይነበባል። ወረቀቱን ያየ ሐኪም "ሆርሞንዎ በዝቷል" ብሎ መጠኑን ይቀንሳል። ሰውየው ግን ሆርሞን አንሶት በብርድ እየተንቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባዮቲን የደም ምርመራዎችን እንደሚያዛባ በ2017 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። የሚሳሳተውም የታይሮይድ ምርመራ ብቻ አይደለም። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚታወቅበት የትሮፖኒን ምርመራም ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል።

ምርመራ ሊኖራችሁ ሲል ባዮቲኑን ቢያንስ 2 ቀን ቀድማችሁ አቁሙ። በጣም ከፍተኛ መጠን የምትወስዱ ከሆነ 2 ቀን ላይበቃ ይችላል፤ ሐኪሙን ጠይቁ። ማቆሙን ከረሳችሁ ደግሞ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ። ውጤቱ ከስሜታችሁ ጋር አልገጥም ካለም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ይሁን።

አዮዲን በገዛ እጅ

"ታይሮይድ አዮዲን ይፈልጋል፣ እኔ ታይሮይድ አለብኝ፣ ስለዚህ አዮዲን ልጨምር።" ስሌቱ ያምራል፤ ግን ስህተት ነው። አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል። ከባሕር አረም የሚሠሩ እንክብሎች ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊይዙ ይችላሉ፤ መጠናቸውም ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። ሰውነቱ የራሱን ዕጢ በሚያጠቃበት ሰው ላይ የበዛ አዮዲን ዕጢውን ይበልጥ ሊያዳክመው ይችላል። ዕጢው ላይ እባጭ ያለበትን ሰው ደግሞ በተቃራኒው ሆርሞኑን ሊያበዛበት ይችላል። ዕጢው ጨርሶ ከወጣማ ምኑን ሊረዳ? በኪኒን የምትውጡት ሆርሞን ተሠርቶ ያለቀ ነው።

እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች የተለዩ ናቸው። ፍላጎታቸው ወደ 250 ማይክሮግራም ስለሚያድግ ሐኪማቸው ያዘዘላቸውን ይውሰዱ። የራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና ቀጠሮ ያላችሁ ደግሞ የምትወስዱትን ማንኛውንም ነገር ቀድማችሁ አሳዩ። ሰውነታችሁ በሌላ አዮዲን ከጠገበ ሕክምናውን በሚገባ አይቀበልም።

ሴሌኒየም ሲበዛ

በቀን የሚያስፈልገው 55 ማይክሮግራም ነው። ግሬቭስ (ሰውነት ታይሮይድን ከልክ በላይ የሚያሠራበት በሽታ) የሚያስከትለው የዓይን ሕመም በቀላሉ ለያዛቸው ሐኪም 200 ማይክሮግራም ለ6 ወር ሊያዝ ይችላል። ያ የታወቀ ጥቅም ነው። በራሳችሁ ሁለት ሦስት ዕቃ ደራርባችሁ 400 ካለፋችሁ ግን ፀጉር ሊረግፍ፣ ጥፍር ሊሰባበር፣ ትንፋሽ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሊል ይችላል። ከዚያ ለፀጉሩ ባዮቲን ይገዛል...

"ታይሮይድን የሚያግዝ" የሚል ድብልቅ

ተውት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሲመረመሩ በዕቃው ላይ ያልተጻፈ እውነተኛ የታይሮይድ ሆርሞን ተገኝቶባቸዋል። አሽዋጋንዳ የሚባለው ዕፅ ያለባቸውም ሆርሞኑን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ፈርቶ ሁሉንም መጣል

ይህን ሁሉ ስናገር አንዳንዱ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል። "ከታይሮይድ መድኃኒት ጋር አይሆንም ተባልኩ" ብሎ ካልሲየሙን ይጥላል። እንዲህ አላልኩም! አራርቁ ነው ያልኩት።

ዕጢው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ካልሲየም የሚታዘዝለት በምክንያት ነው። ከታይሮይድ ጀርባ ያሉት ፓራታይሮይድ የሚባሉ ትንንሽ ዕጢዎች በቀዶ ሕክምናው ሊጎዱ ይችላሉ። የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። ካልሲየሙ ሲወርድ የከንፈር ዙሪያና ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ መርፌ እንደሚወጋቸው ይሆናሉ፣ ጡንቻም ይኮማተራል። ይህ ከታየባችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ።

አይረንም እንዲሁ። ሰውነት የታይሮይድ ሆርሞን ለመሥራት አይረን ያስፈልገዋል። ደም ማነስ ያለበት ሰው አይረኑን ቢያቆም ድካሙን የሚያባብሰው ራሱ ነው። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት የታይሮክሲን ፍላጎታቸው ይጨምራል። በዚያው ሰሞን አይረንና ካልሲየም ያለበት የእርግዝና ቫይታሚን ይጀምራሉ። ፍላጎቱ በሚያድግበት ጊዜ መምጠጡ ይቀንሳል ማለት ነው። 4 ሰዓቷ ከሁሉም በላይ የምታስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ቢ12 እና ብቻውን ያለ ቫይታሚን ዲ ሌቮታይሮክሲንን አይዙትም። እነሱ ላይ አትጨነቁ።

ቸኩሎ መለካት

ሰዓቱን ካስተካከላችሁ በኋላ በሳምንቱ ደም ሰጥታችሁ "ለውጥ የለም" አትበሉ። ቲኤስኤች እስኪረጋጋ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ሰዓት መቀየርም፣ ካልሲየም መጀመርም ሆነ ማቆም እንደ መጠን ለውጥ ይቆጠራል። ስለዚህ ለሐኪሙ ንገሩት። ሳትናገሩ ካስተካከላችሁት፣ ቀድሞ ከፍ ተደርጎ የታዘዘው መጠን ሙሉ በሙሉ ይገባና ያቺ ሴት የደረሰባት ይደርስባችኋል።

ዛሬ ጠዋት ረስታችሁ ሁሉንም አብራችሁ ውጣችሁ ከሆነ ሌላ ሌቮታይሮክሲን አትድገሙ። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ቆይታው ረጅም ነው፤ ግማሹ ለመውጣት ብቻ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። የአንድ ቀን ስህተት አይጥላችሁም። ነገ በሰዓቱ ቀጥሉ።