አከራይ ዝም ሲል፦ ከሚያፈሰው ቆርቆሮ እስከማይነሳው ስልክ

ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ በሌሊት ዝናብ አልጋውን ከጥግ ጥግ የሚጎትት ተከራይ ብዙ ነው። እኔም ጎትቻለሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ ሳፋና ጆግ ወለሉ ላይ ደርድሬ አድሬያለሁ። አከራዬ ስልክ አያነሱም ነበር። ኋላ ላይ የገባኝ፣ የተበላሸው ነገር ሁለት መሆኑ ነው። አንዱ ቤቱ፣ ሌላው የአከራዩ ዝምታ። ቆርቆሮ ለምን እንደሚያፈስ ማንም አናጢ ይነግራችኋል። ሰውየው ለምን ዝም እንዳሉ ካላወቃችሁ ግን አናጢው ጣራው ላይ አይወጣም።

ከቤቱ እንጀምር።

ጣራው ያንጠባጥባል

መቼ እንደሚያንጠባጥብ አስተውሉ። ዝናብ ሲጥል ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሚስማሩ ራስ ላይ ነው። ሚስማሩ ስር ያለችው ጎማ በፀሐይ ትደርቃለች። ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጠው ቀዳዳው ይሰፋል። ሚስማሩን ቀይሮ ሬንጅ መቀባት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ለሰዓታት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ውሃው የሆነ ቦታ ተኝቷል። አሸንዳው በቅጠልና በአፈር ተደፍኖ እንደሆነ እዩ።

ታህሳስ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ጠብ ጠብ የሚለውስ? እሱ ፍሳሽ አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የታህሳስ ሌሊቷ አጥንት ይሰብራል። የወጡ እንፋሎት፣ የሻዩ እንፋሎት፣ የተኛው ሰው ትንፋሽ ሳይቀር ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ወርዶ የተከራየ ሰው ይሄን ብዙም አያውቀውም። መፍትሄው ኮርኒስ ማስመታት ነው፤ እስከዚያ ምግብ ሲበስል መስኮት መክፈት። አንዲት ጎረቤቴ በዚህ ነገር አከራይዋን ወራት ስትወቅስ ከረመች። ሴትየዋ ጣራ ላይ ሰው አወጡ፣ ቀዳዳ ታጣ። ከዚያ ወዲያ እውነተኛ ብልሽት ስትነግራቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ከመደወላችሁ በፊት ማጣራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ግድግዳው ይረጥባል

እርጥበቱ ከወለሉ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ ጣራውን ተዉት፤ ከኋላ ያለውን መሬት እዩ። ደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከናንተ ግቢ በላይ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ግቢ አለ። የላይኛው ጎረቤት ውሃ በግድግዳችሁ ስር ያልፋል። ቦይ መቆፈር ይበቃል፣ ግን ቦዩ የሚቆፈረው ድንበር ላይ ነው። አከራያችሁ ስለ ግድግዳው ሲነሳ ወሬ የሚቀይሩ ከሆነ፣ ከላይኛው ጎረቤት ጋር የቆየ የድንበር ነገር አለ ማለት ሊሆን ይችላል። እሱን እናንተ አትነካኩት።

ብሬከሩ ይወርዳል

እንጀራ ሲጋገር ብቻ ነው? እንግዲያው ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ቢያንስ 14 አምፔር ገደማ ነው። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ ምጣድ የሰካ ሰው፣ ብሬከሩ ባይወርድ ገመዱ ነበር የሚቃጠለው። ትልቅ ብሬከር ቀይሮ ማለፍ እሳት መጥራት ነው። ለምጣዱ ከማከፋፈያው የራሱ ወፍራም መስመር ይሳብ። ምንም ሳይሰካ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም ሶኬቱ ከሸተተ፣ ዋናውን አጥፉና በዚያው ቀን ባለሙያ ጥሩ። ይሄ የአከራይ ፈቃድ አይጠበቅበትም።

ቧንቧ ካንጠባጠበ ውስጡ ያለችውን ጎማ ቀይሩ። ለዚህ አትደውሉ።

የማን ነው ጥገናው?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን በደህና ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ በአከራዩ ላይ ይጥላል። ጥቃቅኑን፣ ማለትም የበር፣ የመስኮት፣ የቧንቧ መክፈቻ የመሰለውን፣ ውሉ ሌላ ካላለ ለተከራዩ ይተዋል። በእርጅና የመጣ ብልሽት ግን የተከራይ ዕዳ አይደለም። ተከራይም ግዴታ አለበት፤ አከራዩ ሊያሠራው የሚገባ ነገር ሲበላሽ ሳይዘገይ መንገር። ሳትናገሩ ቆይታችሁ ጉዳቱ ቢሰፋ ጥፋቱ ወደናንተ ይዞራል።

አሁን ወደ ዝምታው

«አብሽር፣ አሠራዋለሁ» ብሎ የሚጠፋ። ወሎ ውስጥ ይሄን ያልሰማ ተከራይ የለም። ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ ወጪው ስንት እንደሆነ ስለማያውቅ ይፈራዋል። «ጣራው ያፈሳል» ስትሉት በጭንቅላቱ የሚመጣው የሙሉ ጣራ ቆርቆሮ ዋጋ ነው። እናንተ አናጢ አምጡ፣ ያስለኩት፣ ዋጋውን በወረቀት ያስቀምጥ። ከዚያ ቡና አፍልታችሁ ጥሩት። አቦሉ ላይ ስለ ቤተሰብ አውሩ፣ ቶናው ላይ ወረቀቱን አውጡ። የእኔ ጣራ የተሠራው እንደዚህ ነው። ሚስማርና ሬንጅ ብቻ መሆኑን ሲያዩ እሳቸውም ሳቁ።

ባለቤቷ ዓረብ አገር ናት። ይሄ የኛ አገር ዋና ችግር ነው። ጅዳ ወይም ቤይሩት ሠርታ ቤቱን ያቆመችው ሴት ሌላ፣ ቁልፍ የያዘው ወንድሟ ሌላ። ወንድሟ ኪራይ ይቀበላል እንጂ ብር የማውጣት ሥልጣን የለውም፤ ስለዚህ ሲደወልለት አያነሳም። እሱን መወትወት ትርፉ መኳረፍ ነው። ደግሞ እሱን ዘላችሁ ለሷ ብትደውሉ ታዋርዱታላችሁ። «እስቲ አብረን በኢሞ እንደውልላት» በሉት። ዝናብ እየጣለ የሚያፈሰውን በቪዲዮ አሳዩአት። በላቧ የሠራችው ቤት ሲበሰብስ ያየች ሴት ዝም አትልም። በነካ እጃችሁ ወንድምየው ውክልና እንዳለው ጠይቁ፤ ውል የምታድሱት ከማን ጋር እንደሆነ ማወቅ አለባችሁና።

የወራሾች ቤት። አንዱ «ታላቄን ጠይቁ» ይላል፣ ታላቅየው «ገና አልተካፈልንም» ይላል። እዚህ ቤት ውስጥ ትልቅ ጥገና አትጠብቁ። ትንሹን አሠርታችሁ ከኪራይ ላይ ለማስቀነስ ፈቃድ ጠይቁ፤ ከአንዱ ብቻ ሳይሆን ኪራይ ከሚከፋፈሉት ሁሉ፣ በጽሑፍ። ደረሰኝ ያዙ።

ጥገና ሲነሳ ኪራይ ጨምር የሚል። ይሄኛው ዝም አይልም፣ ግን መልሱ ከዝምታ አይሻልም። ሁለቱን ነገር ለዩበት። ስለ ጥገናው ዛሬ፣ ስለ ኪራዩ ውሉ ሲያልቅ።

እንድትወጡ የሚፈልግ። ምልክቱ ግልጽ ነው። የሌላው ተከራይ ክፍል ይጠገናል፣ የናንተ አይጠገንም። እዚህ ላይ ቡና አይሠራም፤ ወረቀት ነው የሚሠራው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራይም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። በናንተ ከተማ ሥራ ላይ መዋሉን ከቀበሌው ጠይቁ። ባይውልም የጽሑፍ ውልና የባንክ ደረሰኝ የማይጠቅምበት ቦታ የለም።

የቀበሌ ቤት ውስጥ ያላችሁ አከራያችሁ መንግሥት ነው፤ በ1967 የተወረሱት ቤቶች ናቸው። ማመልከቻ አስገቡ፣ ቀኑን የያዘ ቅጂ አስቀሩ። ፈቃድ ሳይኖር ግድግዳ አትንኩ።

ሁሉም እምቢ ካለ

አልከፍልም ማለት መጀመሪያ የሚመጣ ሐሳብ ነው። አታድርጉት። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ ሽማግሌ ፊትም ዳኛ ፊትም ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። እየከፈላችሁ ክሰሱ።

ከዚያ በፊት መልእክት ላኩ፣ ፎቶ ያለበት፣ ቀን ያለበት። አክብሮቱ አይጉደል። ለምሳሌ፦ «ሐጂ፣ እንደምን ዋሉ። ሰኔ 12 የነገርኩዎት የጓዳው ጣራ ብሶበታል፤ ፎቶውን ልኬያለሁ። አናጢው የጻፈው ዋጋም አብሮ አለ። እስከ ሰኔ 25 ቢያሠሩልን፤ ካልተመቸዎት እኔ አሠርቼ ከሐምሌ ኪራይ ላይ እንድቀንስ ይፍቀዱልኝ።» «እሺ» የሚል መልስ ከመጣ ፈቃድ ነው። ካልመጣም ማስረጃ ነው።

ቀጥሎ የቅሬው ዳኛ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ አከራዩም እናንተም እዚያው ቅሬ ውስጥ ካላችሁ ከሱ የተሻለ አስታራቂ የለም። የቅሬውን ዳኛ ስልክ የማያነሳ ሰው አላየሁም። አበጋሮችን የሚያስብም አለ፤ እነሱ ደም የሚያደርቁ ሽማግሎች ናቸው፣ በቆርቆሮ ፍሳሽ አናድክማቸው። ቅሬው ካልቻለ ቀበሌ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት፤ ውሉን፣ ደረሰኙንና መልእክቶቹን ይዛችሁ።

ጊዜውንም ምረጡ። የበልጉ ዝናብ ጣራችሁን በነፃ ይፈትሽላችኋል። መጋቢት ላይ ያያችሁትን ቀዳዳ ያኔውኑ ተናገሩ፣ ግንቦት ላይ አስታውሱ። ሰኔ ከገባ አከራዩ እሺ ቢሉም አናጢው ስልክ አያነሳም።