ዋናው ተኝቶ ትንሹ ይጠብቅ፦ የኢኤስፒ32-ኤስ3 ኮፕሮሰሰርን እንዴት ፕሮግራም እናደርጋለን?

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁለት ነገር ማወቅ ትልቅ እፎይታ ነው። ውሃ መቼ መጣ? ሮቶው እስኪሞላስ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ይህን በቴሌግራም የሚነግር ትንሽ መሣሪያ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ፈተናው የኃይሉ ጉዳይ ነው። ሮቶው ድረስ የመብራት ገመድ መሳብ አድካሚ ነው፤ ቢሳብም መብራት ይጠፋል። በባትሪ ይሥራ ካልን ደግሞ፣ ቀንና ሌሊት ነቅቶ ውሃ የሚጠብቅ ማይክሮኮንትሮለር ባትሪውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል።

መፍትሔው እዚያው ቺፑ ውስጥ አለ። የኤስፕሬሲፍ ኩባንያ ማይክሮኮንትሮለር የሆነው ኢኤስፒ32-ኤስ3 ሁለት ትልልቅ ኮሮች አሉት፤ ዋናው ፕሮሰሰር የምለው እነሱን ነው። ከእነሱ ጎን ዩኤልፒ የሚባል፣ በጣም ትንሽ ኃይል የሚበላ ኮፕሮሰሰር (ረዳት ፕሮሰሰር) ተቀምጧል። ትልልቆቹ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሲገቡ፣ ዩኤልፒው በየሰከንዱ ብድግ ይላል፤ ፒኖቹን (ሽቦ የሚገናኝባቸውን የቺፑን እግሮች) አይቶ፣ ቆጥሮ ተመልሶ ይተኛል። ዋናውን የሚቀሰቅሰው የሚነገር ነገር ሲገኝ ብቻ ነው።

አንድ ነገር በቅድሚያ ልበል። የምትጠብቁት አንድ ቁልፍ እስኪጫን ብቻ ከሆነ ዩኤልፒ አያስፈልጋችሁም፤ ቺፑን በፒን ብቻ መቀስቀስ ይቻላል፣ ቀላልም ነው። ዩኤልፒ የሚጠቅመው መቁጠርና መወሰን ሲኖር ነው። ሮቶ ውስጥ ያለው ውሃ እየተንቀሳቀሰ ስዊቹን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። በእያንዳንዱ ሞገድ ዋናው ፕሮሰሰር ከነቃ ባትሪው አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ሞገዱን ከእውነተኛው ለውጥ የሚለይ ነቅቶ የሚጠብቅ አካል ያስፈልጋል።

1. ዕቃውና ሽቦው

የኢኤስፒ32-ኤስ3 ቦርድ፣ ሁለት ተንሳፋፊ ስዊቾች (አንዱ ከሮቶው ታች፣ አንዱ ከላይ)፣ 18650 ባትሪና ሬጉሌተር (የባትሪውን ቮልቴጅ ለቺፑ የሚያስተካክል) ይበቃል። ስለ ሬጉሌተሩ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ስዊቾቹን የምታገናኙት ከ0 እስከ 21 ካሉት ፒኖች ጋር ብቻ ነው። ዩኤልፒው የሚያያቸው እነዚህን ነው። ከነሱም 0 እና 3 ቺፑ ሲነሳ የራሳቸው ሥራ አላቸው፣ 19 እና 20 ደግሞ የዩኤስቢ ናቸው። 4 እና 5ን ውሰዱና ተገላገሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፋት ትንሽ ስሌት አለች። ፒኑ ክፍት ሲሆን እንዳይዋልል ወደ ላይ የሚስብ ሬዚስተር ያስፈልገዋል። ቺፑ ውስጥ የተሠራው 45 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። ስዊቹ ሲዘጋ በዚያ ሬዚስተር በኩል 73 ማይክሮ አምፔር ያለማቋረጥ ይፈሳል። ቺፑ ራሱ ግን በጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ የሚበላው 8 ማይክሮ አምፔር ገደማ ነው! ስለዚህ የውስጡን አጥፉትና ከውጭ 1 ሜጋ ኦም አድርጉለት፤ ፍጆታው ወደ 3.3 ማይክሮ አምፔር ይወርዳል። ወደ ሮቶው የሚሄደው ሽቦ ረጅም ከሆነ ደግሞ ከፒኑ ወደ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ። ሽቦው ከአካባቢው የሚለቅመውን ረብሻ ይውጥላችኋል።

2. ፕሮጀክቱን ማዘጋጀት

ለዚህ ሥራ አርዱኢኖን ትታችሁ የቺፑ አምራች ያዘጋጀውን የፕሮግራም መሥሪያ፣ ኢኤስፒ-አይዲኤፍን ተጠቀሙ። አርዱኢኖን እወደዋለሁ፤ ግን እዚህ መንገዱን ያረዝመዋል። አይዲኤፍ ከነመሣሪያዎቹ ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት አውርዱት።

ፕሮጀክቱን እንደከፈታችሁ መጀመሪያ የቺፑን ዓይነት ኤስ3 ብላችሁ ምረጡ። ሳይመረጥ ከቀረ እንደ ድሮው ኢኤስፒ32 ይቆጠራል። ያ ቺፕ የያዘው ዩኤልፒ አራት ሬጂስተር ብቻ ያለው፣ በአሴምብሊ የሚጻፍለት ነው። የኤስ3ው ሪስክ-ፋይቭ የሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ስለሆነ በሲ ቋንቋ ይጻፍለታል። ከዚያ ማስተካከያ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ ኮፕሮሰሰሩን አብሩ፣ ዓይነቱን ሪስክ-ፋይቭ አድርጉ፣ ማህደረ ትውስታም መድቡለት። ያለው በሙሉ 8 ኪሎባይት ነው፤ 4 ይበቃናል።

የዩኤልፒው ኮድ የራሱ ፎልደር ይኑረው። ኮዱ እንዴት እንደሚገነባ በሚናገረው በሲሜክ ፋይሉ ውስጥም ለብቻው፣ ዩኤልፒን በሚያካትተው ትእዛዝ ይጠራ። ከዋናው ኮድ ፋይሎች ዝርዝር ጋር አታደባልቁት፤ ሁለቱ የሚተረጎሙት በተለያየ ኮምፓይለር ነው።

3. የዩኤልፒው ኮድ

እዚህ ማለቂያ የሌለው ሉፕ የለም። ከአርዱኢኖ ለሚመጣ ሰው ይህ መጀመሪያ ግር ይላል። ኮዱ ይነሳል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ይጨርሳል። ሲጨርስ ዩኤልፒው ይተኛል፤ ጊዜው ሲደርስ ታይመሩ እንደገና ከመጀመሪያው ያስነሳዋል። ሉፕ ውስጥ ካስገባችሁት ግን ፈጽሞ አይተኛም፤ የድካማችሁ ዓላማ ያኔ ጠፋ።

ሥራው ይህ ነው። ሁለቱን ፒኖች ያንብብ። የታችኛው ስዊች ለ10 ተከታታይ ንባብ ውሃ ካሳየ «ውሃ መጣ» ይበል፤ በመሃል አንዴ እንኳ ከተቀየረ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምር። ከዚያ በኋላ የላይኛው ስዊች በተመሳሳይ መንገድ «ሞላ» እስኪል ድረስ ሰከንዶቹን ይቁጠር። የታችኛው ለ10 ንባብ ደረቅ ከሆነ «አለቀ» ይበል። ዋናውን ፕሮሰሰር የሚቀሰቅሰው ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ብቻ ነው። ሁኔታው ባለበት ሁሉ ከቀሰቀሰ ዋናው በየሰከንዱ ይነቃል።

4. የጋራው ማህደረ ትውስታ

ጽሑፉን የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ክፍል ነው። ሁለት ፕሮሰሰሮች አንድ ማህደረ ትውስታ ይጋራሉ። ኮዱ ያለ ስህተት ይተረጎማል፣ ይጫናል፣ ቁጥሮቹ ግን ትርጉም አይሰጡም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው፣ ዩኤልፒው በተነሳ ቁጥር ፈንክሽኑ ውስጥ የተፈጠሩ ቫሪያብሎች አዲስ ናቸው። የ10ሩ ንባብ ቆጠራ እዚያ ውስጥ ከተቀመጠ መቼም ከ1 አያልፍም። ከአንዱ መነሳት ወደ ሌላው መሻገር ያለበት ሁሉ ከፈንክሽኑ ውጭ፣ ግሎባል ሆኖ ይቀመጥ። ዋናው ፕሮሰሰር የሚያነበው ከሆነም ቮላታይል ይባል፤ አለዚያ ኮምፓይለሩ «ይህን የሚጠቀም የለም» ብሎ ሊያጠፋው ይችላል።

ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። ዋናው ፕሮሰሰር ከጥልቅ እንቅልፍ ሲነቃ ካቆመበት አይቀጥልም፤ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው መስመር ይጀምራል። የዩኤልፒውን ፕሮግራም የሚጭነው ትእዛዝ እዚያ መጀመሪያ ላይ ያለ ቅድመ ሁኔታ ከተቀመጠ፣ በነቃ ቁጥር እንደገና ይጭነዋል። መጫን ማለት ደግሞ የተመደበውን ቦታ አጥፍቶ መጻፍ ነው። ሮቶው 42 ደቂቃ ሲሞላ ቆይቶ ልክ «ሞላ» ብሎ ሲቀሰቅስ፣ ዋናው የተቆጠረውን ሳያነብ ያጠፋዋል። ቴሌግራም ላይ የሚደርሳችሁ «0 ደቂቃ» ነው። ስለዚህ ከምንም በፊት የመንቃቱን ምክንያት ጠይቁ። የቀሰቀሰው ዩኤልፒው ወይም ታይመሩ ከሆነ አትጫኑ፤ አንብቡ ብቻ። ከእንቅልፍ ሳይሆን እንደ አዲስ ከተነሳ፣ ለምሳሌ ባትሪ ገና ሲገባ ወይም ሪሴት ሲጫን፣ ያኔ ጫኑ።

ሦስተኛው፣ ዋናው ነቅቶ ዋይፋይ እየፈለገ ሳለ ዩኤልፒው ሥራውን አላቆመም፤ በየሰከንዱ መቁጠሩን ቀጥሏል። ዋናው ቆጠራውን አንብቦ ወደ ዜሮ ለመመለስ ቢሞክር፣ በዚያው ቅጽበት ዩኤልፒው አንድ ሊጨምርበት ይችላል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይሽረዋል። ቁልፍ የሚይዝ ዘዴ አይዲኤፍ ውስጥ አለ፤ እኔ ግን የምመርጠው ቀላሉን ደንብ ነው፦ አንድ ቫሪያብል አንድ ጸሐፊ ብቻ ይኑረው። ዩኤልፒው ይጻፍ፣ ዋናው ያንብብ። ዋናው ያለፈውን ንባብ በራሱ ቫሪያብል አርቲሲ ማህደረ ትውስታ (በጥልቅ እንቅልፍ የማይጠፋው) ውስጥ ያስቀምጥና ልዩነቱን ያስላ።

ሌላ ቀሪ ነገር፦ የዩኤልፒው ቫሪያብሎች ወደ ዋናው ኮድ የሚመጡት ስማቸው ፊት «ዩኤልፒ» ተጨምሮ፣ ሁሉም እንደ 32 ቢት ቁጥር ሆነው ነው። አሬይ ከሆነ አድራሻውን ወስዳችሁ ዓይነቱን ራሳችሁ መቀየር አለባችሁ።

5. ዋናው ሲነቃ

ዋይፋይ ይክፈት፣ መልእክቱን ይላክ፣ ይተኛ። ዋይፋይ ግን የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ 10 ሰከንድ በቂ ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋል። ገደብ የሌለው ኮድ የሌለ ራውተር ሲፈልግ ያድርና ባትሪውን በአንድ ሌሊት ያራቁተዋል። ካልተገናኘ መልእክቱን ያስቀምጥ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ በታይመር ተነስቶ ይሞክር።

ከመተኛቱ በፊት ዩኤልፒው እንዲቀሰቅሰው መፍቀዱን አትርሱ። የዩኤልፒው የመነሻ ጊዜ የሚሰጠው በማይክሮ ሰከንድ ነው፤ 1 ሰከንድ ማለት 1,000,000 ነው። ይህን ጊዜ የሚቆጥረው የቺፑ የውስጥ ኦሲሌተር ከሙቀት ጋር ስለሚዋዥቅ፣ ለደቂቃ ግምት ጥሩ ነው፤ ለሰዓት ግን አይሆንም።

6. ስህተት ሲፈለግ

ጥልቅ እንቅልፍ ሲጀምር የቺፑ ዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ይጠፋል። በሙከራ ጊዜ ከመተኛቱ በፊት 5 ሰከንድ ቆይታ አድርጉለት። አልጭን ካለ የቡት ቁልፉን እንደያዛችሁ ሪሴትን ተጫኑ፣ ከዚያ ልቀቁ። ዩኤልፒው መሥራቱን ለማረጋገጥ በተነሳ ቁጥር አንድ የሚጨምር ቫሪያብል ስጡትና ዋናው ሲነቃ አትሙት።

7. ሬጉሌተሩና ልኬቱ

ብዙ ቦርዶች ላይ የሚገኘው ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር ምንም ሳይሠራ ብቻውን 5 ሚሊ አምፔር ገደማ ይበላል። ይህ ከተኛው ቺፕ ከ600 እጥፍ በላይ ነው። 3000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ በሱ ብቻ በ25 ቀን ያልቃል። እንደ ኤችቲ7333 ያሉት በጥቂት ማይክሮ አምፔር ይኖራሉ፤ ግን የሚሰጡት 250 ሚሊ አምፔር ነው፣ ዋይፋዩ ሲልክ ደግሞ ከ300 በላይ ይጠይቃል። ሥራ ሲፈታ ጥቂት የሚበላ፣ ሲፈለግ 500 የሚሰጥ ፈልጉ። የቦርዱ የኃይል አምፖልም ይነቀል።

በመልቲሜትር ስትለኩ በማይክሮ አምፔር ክልል ላይ እንዳለ ቺፑን አታስነሱት። ዋይፋይ ሲከፈት መልቲሜትሩ ቮልቴጁን ያወርደውና ቺፑ ደጋግሞ ሪሴት ያደርጋል። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በሽቦ አገናኙ፣ ቺፑ እስኪተኛ ጠብቁ፣ ከዚያ ሽቦውን አንሱና አንብቡ። ሚሊ አምፔር ካያችሁ ሬጉሌተሩን ወይም አምፖሉን ፈትሹ። ስዊቹ ሲዘጋ ብቻ ወደ 70 ማይክሮ አምፔር ከጨመረ የውስጡ ሬዚስተር አልጠፋም።