በክረምት ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግር እንዴት እንደሚኬድ

ክረምት ሲገባ ቤት ዘግቶ መቀመጥ ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ፣ የአዲስ አበባ ውስጥ ለውስጥ መንገድ እንደ ሐምሌ እሑድ ጠዋት ጭር የሚልበት ጊዜ የለም። እኔ የምወደው ከየካቲት 12 ሐውልት ተነስቶ በአፍንጮ በር በኩል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ መውረድ፣ ከዚያ ፒያሳ መውጣት ነው።

ከባዱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። በፊት ግን ወደ ሰሜን ቀና በሉ፤ እንጦጦ ከጠቆረ ካፊያው ሩቅ አይደለም። እሱም ቢሆን አያስቀርም።

ሹራብ፣ ውኃ የማያስገባ ጃኬት፣ ስልኩን በፌስታል፣ ደረቅ ካልሲ በሌላ ፌስታል። የፕላስቲክ ቦት ይቅርባችሁ፤ ለጭቃ እንጂ ለእርጥብ ኮብልስቶን አይሆንም። ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ ይሻላል። ታጣፊ ጃንጥላ ደግሞ ንፋስ ሲያየው ይገለበጣል፤ ረጅሙን የሽማግሌ ጃንጥላ ያዙ።

ዋናው ጣጣ ቁልቁለቱ ነው። ኮብልስቶኑን ጎማና እግር ስላለሰለሰው ሲረጥብ ሳሙና ይሆናል፤ አጥር ሥር ያለው ደግሞ አረንጓዴ አብቅሎ ይብሱን ያሙለጨልጫል። መሃሉን ያዙ፣ እርምጃ አሳጥሩ፣ ተረከዝ ሳታስቀድሙ ሙሉ እግራችሁን አሳርፉ። እጅ ከኪስ ይውጣ።

ከዚህ የባሰው የተኛ ውኃ ነው። አንድ ክረምት ዶፉ እንዳባራ፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ መስሎኝ አንድ መታጠፊያ ላይ ውኃ ውስጥ ገባሁ። ለካ ክዳን የሌለው ማንሆል ኖሯል! ግራ እግሬ እስከ ጭኔ ሰመጠ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት ክንዴን ይዘው ጎተቱኝና «አይዞህ ልጄ፣ እዚህች ያልገባ የለም» አሉኝ። ጫማዬ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ደፍርሶ የተኛ ውኃ ካየሁ በጃንጥላዬ ጫፍ ሳልለካ አልረግጥም። ረጅም ግዙ ያልኩትም ለዚህ ነው። ውኃው እየተሽከረከረ ከሆነ ከሥሩ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። መሃል መንገድ ላይ የቆመ ቅርንጫፍ ካያችሁም የሰፈር ልጅ ጨዋታ አይምሰላችሁ፤ የጉድጓድ ምልክት ነው።

ድልድዩ ጋ ወንዙን ከላይ እዩት እንጂ ዳሩ ድረስ አትውረዱ። እናንተ ጋ ጠብ ሳይል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እንጦጦ ላይ የጣለው ዝናብ በድንገት ሊሞላው ይችላል።

መንገድ ላይ ዶፍ ከያዛችሁ የሱቅ በረንዳ ተጠለሉ፤ ነጎድጓድ ካለ ዛፍ ሥር አትቁሙ። ዶፍ ቶሎ ያልፋል። እስኪያባራ ልጠብቅ ብላችሁ የምትውሉት በካፊያው ነው፣ እሱን ንቃችሁት ሂዱ።

ዳገቱን እንደጨረሳችሁ ጊዮርጊስ አካባቢ ሻይ ቤት ገብታችሁ ካልሲ ቀይሩ። ቤት ስትደርሱ ጫማውን ከሰል ዳር አታድርቁት፣ ሶሉ ይላቀቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁበት ይደር።