ሺፍት ላጲስ አይደለም፦ ብሬድ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ደሴ ጌም ቤት ውስጥ ያደገ እጅ ፊፋ የለመደ እጅ ነው። ጣት ይፈጥናል፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ ባለተራው ይቀመጣል። ያው እጅ ብሬድ የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ሲያርፍ ነው ጣጣው የሚመጣው። ጌም ሠሪው ጆናታን ብሎው በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ጨዋታ ላይ ላዩን የልጆች ተረት ይመስላል፦ ሱፍና ክራቫት ያደረገ ቲም የሚባል አጭር ሰውዬ፣ በቀለም ብሩሽ የተነካካ ሰማይ፣ ጠፋች የተባለች ልዕልት። የሚፈትነው ግን ጣትን አይደለም። ስለዚህ በሰዓት የሚከፈልበት ቤት ውስጥ አትጀምሩት፤ ገንዘባችሁ የሚያልቀው ቆማችሁ ስታስቡ ነው።

ሌላ ነገር ከመባሉ በፊት፦ የጨዋታው ምዕራፎች "ዓለም" ይባላሉ፤ ጨዋታው የሚጀምረውም ከ2ኛው ዓለም ነው። በፍላሽ የተቀዳው ኮፒ ጎዶሎ ሆኖ አይደለም። 1ኛው ዓለም መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ከ2 እስከ 6 ባሉት ዓለማት ውስጥ በየዓለሙ 12፣ በድምሩ 60 የሥዕል ቁራጭ ተሰብስቦ ሥዕሎቹ ሲገጣጠሙ ይከፈታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት። ቲም ሲሞት ኪቦርዱ ላይ ያለውን ሺፍት ተጭኖ ጊዜን እንደ ካሴት ወደኋላ ማጠንጠን እንደሚቻል ሁሉም ሰው በ5 ደቂቃ ውስጥ ይደርስበታል። ደርሶበትም እዚያው ይቀራል። ሺፍት ማለት የተሳሳቱትን ማጥፊያ ላጲስ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ካልሞተ በቀር አይነካውም። ከዚያ 3ኛው ዓለም ላይ ይተከልና "ይሄ ጌም ተበላሽቷል" ይላል። አልተበላሸም! ሺፍት ለመዳኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው 2ኛው ዓለም ላይ ባለቀ ነበር።

3ኛው ዓለም ውስጥ ያለውን ጉድጓድ ተመልከቱ። ጥልቅ ነው፣ መሰላል የለውም፣ ታች አረንጓዴ የሚያበራ ቁልፍ ተቀምጧል። ጀማሪው አፋፉ ላይ ቆሞ ዝላይ ሲለካ፣ መውጫ ሲፈልግ ግማሽ ሰዓት ያባክናል። መውጫ አትፈልጉ፤ የለም። ዝም ብላችሁ ግቡ፣ ቁልፉን ያዙ፣ ሺፍት ተጫኑ። ቲም በወረደበት መንገድ ወደ ላይ ይመለሳል። አረንጓዴ የሚያበራን ነገር ግን የጊዜ መመለስ አይነካውም፤ ቁልፉ ከእጁ ሳይወጣ አብሮት ይመጣል። ከዚህ በኋላ አዲስ ክፍል በገባችሁ ቁጥር የመጀመሪያው ሥራ ዝላይ አይደለም። ሺፍትን 2 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ የሚመለሰውንና የማይመለሰውን ለዩ።

ድምፁን መዝጋት ሌላው ነው። ጌም ቤት ውስጥ ጫጫታ ስላለ ይዘጋል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ዘፈን ይከፈትበታል። ብሬድ ላይ ሙዚቃው ሰዓታችሁ ነው፤ ጊዜ ወደኋላ ሲሄድ ሙዚቃውም ይገለበጣል፣ ማሲንቆ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የተገዘገዘ ያህል። 4ኛው ዓለም ላይ ያለ ድምፅ መጫወት ዓይንን ጨፍኖ እንደመሄድ ነው። እዚያ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው በእናንተ እግር ነው፦ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ወደፊት፣ ወደ ግራ ሲሄዱ ወደኋላ፣ ሲቆሙ ቀጥ። መሰላል መውጣትም ጊዜን አያንቀሳቅስም። ቁልፍ ይዛችሁ ወደ ግራ ስትመለሱ ቁልፉ ከእጃችሁ አምልጦ ወደ ቦታው ቢሄድ አትገረሙ፤ ያነሳችሁበትን ነጥብ አልፋችሁ ወደ ግራ ሄዳችኋልና ለቁልፉ ገና አልተነሳም።

5ኛው ዓለም ላይ ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ዓይነት ነው፦ ጥድፊያ። ጊዜን መልሳችሁ ሺፍትን ስትለቁ ቀድሞ የሠራችሁትን የሚደግም ጥላ ይወጣል። 3 ሰከንድ የሠራችሁ ከሆነ 3 ሰከንድ ሠርቶ ይጠፋል። በር የሚከፍተውን ማንሻ ጥላው እንዲስብላችሁ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ራሳችሁ ሄዳችሁ ሳቡት፣ ከዚያ ወደኋላ መልሱና እናንተ በሩ ዘንድ ጠብቁ። ጥላው የሚነካው ወይን ጠጅ የሚያበራውን ብቻ ነው። ጥላ ደግሞ አንድ ነው፤ ዳግመኛ ሺፍት ስትነኩ የቀድሞው ይሄዳል።

6ኛው ዓለም፦ ቲም መሬት ላይ የሚያስቀምጠው ቀለበት አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያዘገያል፣ እናንተንም ጭምር። ጥላችሁት ራቁ።

ጭራቆቹን ሁሉ ግደሉ የሚል ክፍል ሲገጥማችሁ ቅርብ ያለውን ሁሉ አትጨርሱ። ጭራቅ መነጠሪያም ነው፤ የታቹን ከፈጃችሁት የላዩ ጋ የሚያደርሳችሁ አይኖርም።

የኪቦርዱም ነገር አለ። ዊንዶውስ ላይ ሺፍት 5 ጊዜ በተከታታይ ከተነካ፣ ወይም የቀኙ ሺፍት 8 ሰከንድ ከተያዘ፣ ጥያቄ የያዘ መስኮት ብቅ ይላል። ቲም እየዘለለ መስኮቱ ይሸፍነዋል። የመጣው ሁሉ "እሺ" ከተባለ ደግሞ ቁልፎቹ መዘግየት ይጀምራሉና ላፕቶፑ ተበላሸ ተብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መስኮቱን የሚያመጡትን የኪቦርድ አቋራጮች አጥፉ።

ዩቲዩብ ከፍቶ መፍትሔ ማየት? እዚህ ላይ ትዕግሥት የለንም። ብሎው ራሱ "የመፍትሔ መመሪያ" ብሎ ያወጣው ጽሑፍ ራስህ ፍታው የሚል ነው። የተያዘባችሁን ቁራጭ ትታችሁ እለፉ፤ አብዛኛው ክፍል ቁራጩ ሳይወሰድም መውጫው ክፍት ነው። አቦሉ ላይ እምቢ ያለ በረካው ላይ ይፈታል፣ አብሽሩ።

8ቱን ድብቅ ኮከቦች ለምትፈልጉ፦ አንደኛውን ለማግኘት በጣም ቀስ ብሎ የሚሄድ ደመና እስኪደርስ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ መጠበቅ አለ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ከሱ ይፈጥናል። ባትሪው ያረጀ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት የማይሄድበትን ሰዓት ምረጡ።