በሽታ አስተላላፊ ትንኞችን ለማጥናት ለምትነሱ፦ ከጅምሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወደ ሕክምና ኢንቶሞሎጂ፣ ማለትም በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ወደሚያጠናው ሙያ፣ የሚገቡ ወጣቶች አብዝተው የሚጠይቁኝ ስለ ላቦራቶሪው ነው። ስራው ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ትንኟ ላቦራቶሪ ሳትደርስ ነው። ስለዚህ ከመስክ ልጀምር።

ትልቁ ስህተት ወባ የገጠርና የዝናብ ወቅት በሽታ ብቻ ነው ብሎ መነሳት ነው። እኛ የተማርነው በአገራችን ዋነኛ ስለሆነችው የወባ ትንኝ፣ ስለ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ኩሬውንና የከብት ኮቴ ያቆረውን ውሃ ፈልጉ ተባልን። ይህ ዛሬም ልክ ነው፤ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በ2016 ደግሞ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ሌላ የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ተገኘች። የእስያ ትንኝ ናት፤ ከተማ ይስማማታል። ሮቶ፣ በርሜል፣ ለግንባታ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ይበቃታል። ዝናብ አትጠብቅም። ሰው በበጋ ውሃ ሲያጠራቅም እሷም ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ወባ ሲነሳ በአካባቢው ከተያዙት ትንኞች አብዛኞቹ ስቴፈንሲ ነበሩ።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ የብርሃን ወጥመድ ሰቅላችሁ ስታድሩ ምንም ስላልያዛችሁ ብቻ «ትንኝ የለም» ብላችሁ አትጻፉ። ያደገችው ስቴፈንሲ በተለመደው ወጥመድ እምብዛም አትያዝም። የበርሜሉን ክዳን አንሱ፣ እጯን ፈልጉ። እዚያው ውሃ ውስጥ ኤደስ የምትባለው ሌላ ዓይነት ትንኝ እጭም ልታገኙ ትችላላችሁ። የአኖፊለስ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ተጋድማ ታርፋለች፤ የኤደስ ግን ጭንቅላቷን ወደ ታች አድርጋ ትንጠለጠላለች። «እኔ የማጠናው ወባን ነው» ብላችሁ የኤደሷን አትድፏት። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጌን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን የተባሉትን በቫይረስ የሚመጡ የትኩሳት በሽታዎች አይታለች። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ ናት።

ሌላው ዓይንን ከልክ በላይ ማመን ነው። አራቢየንሲስና የቅርብ ዘመዶቿ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ፒሲአር የሚባለው የዘረመል (ዲኤንኤ) ምርመራ ነው። ቆየት ያሉት የአፍሪካ ትንኞች መለያ ቁልፎች፣ ማለትም ትንኝን በመልኳ ለመለየት የሚረዱ መመሪያዎች፣ ደግሞ ስቴፈንሲን አልያዙም። በእነሱ ብቻ የሚሄድ ሰው የሌላ ትንኝ ስም ሊሰጣት ይችላል። አዲሱን ቁልፍ ያዙ፤ የተጠራጠራችሁትን ለይታችሁ ለምርመራ ላኩ።

አያያዙን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ የከሰርኩበት ነገር ነውና። ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ሳምንት ትንኝ በደንብ ሳይደርቅ ቱቦ ውስጥ ከተትኩ። ስመለስ ሻግቷል። ቱቦው ውስጥ እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ቀለሙን ከቀየረ ለውጡት። ምልክቱን በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክርቢቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይለቃል። ቦታና ቀን የሌላት ትንኝ ምንም አትነግራችሁም።

ትንኞች ፀረ ትንኝ ኬሚካል መቋቋማቸውን ስትፈትሹ የተገኘችውን ትንኝ ሁሉ መጠቀም ከባድ ጥፋት ነው። ለዚህ ፈተና የሚያስፈልጉት ደም ያልጠጡ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ዕድሜ ያላቸው ሴት ትንኞች ናቸው። ያረጀች ትንኝ በቀላሉ ስለምትሞት ኬሚካሉ የሚሰራ ያስመስላል። በዓለም ጤና ድርጅት የመፈተሻ ቱቦ ትንኟ ከኬሚካሉ ጋር የምትቆየው 1 ሰዓት ነው፤ የሞተው የሚቆጠረው ግን ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ቸኩሎ የወደቀውን እንደ ሞተ የሚቆጥር አለ። የወደቀችው ተነስታ ትበራለች። ከ90 በመቶ በታች ከሞተ ትንኟ ኬሚካሉን ተቋቁማለች ማለት ነው። ያለ ኬሚካል የተቀመጡት ራሳቸው ከ20 በመቶ በላይ ከሞቱ ደግሞ ፈተናውን ጣሉትና እንደገና ጀምሩ። ያማል፣ ግን ጣሉት። ለርጭት የሚመረጠው ኬሚካል በዚህ ቁጥር ላይ ተመስርቶ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሰው ቤት አገባባችን ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በር ታንኳኳላችሁ። እማወራዋ ገና አልተነሱም፤ ልጆቹ ተኝተዋል። ትንኞቹ የሚወድቁበትን ነጭ ጨርቅ ወለሉ ላይ ዘርግታችሁ ፀረ ትንኝ ኬሚካል ልትረጩ ነው። ይህን ከዋዜማው ሳትነግሯቸው አትምጡ። ምግቡ፣ የውሃ እንስራውና ሕፃኑ ከቤት ሳይወጡ አትርጩ።

በጀሪካን ገዝተው ላጠራቀሙ እናትም «ውሃውን ይድፉት» አይባልም። ያ ውሃ የሳምንት ገንዘባቸው ነው። በማንኪያ ቀድታችሁ እጯን አሳዩዋቸው። «እናቴ፣ ይቺ ናት አድጋ የምትነድፈው» በሏቸው። ከዚያ ክዳኑን አብራችሁ አስተካክሉ። ውጤቱ ሲወጣም ተመልሳችሁ ንገሯቸው። እሳቸው ቤት የተያዘች ትንኝ ምን እንደሆነች የማወቅ መብት አላቸው።

እግሩን ገልጦ ሊነድፉት የሚያርፉበትን ትንኞች የሚይዝላችሁን ወጣትም አትርሱ። አደጋውን ተረድቶ መፍቀዱን፣ የወባ መከላከያ መድኃኒት መውሰዱን ሳታረጋግጡ ሌሊቱን አታስጀምሩት።