ከሰማይ የወረደውን ቁልፍ በንግር (ኋላ ለሚመጣው አስቀድሞ በሚሰጥ ጥቆማ) ማስተካከል

ችግሩ፦ በ2,000 ቃላት አጭር ልቦለድ ማብቂያ ላይ ልጅቷ የተቆለፈውን ሣጥን ትከፍታለች፤ ቁልፉ ግን ከየት መጣ?

መጀመሪያ የተሞከረው «ይህ ቁልፍ ሕይወቷን እንደሚለውጥ አላወቀችም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። አልሠራም። ምስጢሩን አወጣው፤ ልብ ሰቀላውም ረገበ።

የሠራው ከመጨረሻው ወደ ኋላ መሄድ ነው። ቁልፉ በመጀመሪያዎቹ 300 ቃላት ውስጥ ሌላ ጉዳይ ይዞ ገባ፦ እናትየው ስትቆጣ አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለችውን ቁልፍ ታሽከረክራለች። የአንባቢው ዓይን ጠቡ ላይ ስለሆነ ቁልፉን አይቶ ያልፈዋል፤ ንግር የሚደበቀው እንዲህ ነው። መሐል ላይ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተጨመረ፦ ክሩ ያለ ቁልፉ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሦስተኛው ጥቆማ በዛና ተሰረዘ። ቁልፉን ለማስረዳት የገባው የ120 ቃላት ምልሰትም (ወዳለፈው ጊዜ የሚመለስ ትረካ) አላስፈለገም፤ ወጣ።